ሦስተኛው ስላይድ

በዚያ ዘመን ሕመም ሰባት ስላይድና ሰባት ደቂቃ ነበር። ከዚያ የረዘመ ሕመም ያለበት ሰው አሳጥሮ እንዲመጣ ይነገረዋል።

ዓመቱ ሁለት ሺህ ዘጠና አራት ነው። ደሴ ላይ፣ ድሮ ፍርድ ቤት በነበረበት ግቢ ውስጥ፣ የወረፋ አዳራሹ ፊቱን ወደ ጦሳ ተራራ አዙሮ ቆሟል። በወር አንድ ቀን ስልሳ ቤተሰብ ይገባበታል። አሥራ ሁለቱ ለበሽተኛቸው የቀዶ ሕክምና ተራ አግኝተው ይወጣሉ። የቀሩት አርባ ስምንቱ ስላይዳቸውን አሻሽለው በሚቀጥለው ወር ይመለሳሉ፤ የሚመለሱለት ሰው ካላቸው።

ይህ ለማንም እንግዳ ነገር አልነበረም። ሽማግሌ ተልኮ ሴት ልጅ የምትጠየቀው በሦስት ስላይድ ነው። አከራይ ቤቱን የሚሰጠው ስላይድ አይቶ ነው። ከመምህሩ የተጣላ ተማሪም ወላጅ ይዘህ ና አይባልም፤ ስላይድ ይዘህ ና ነው የሚባለው። ድሮ የታመመ ሰው ፎቶ መኪና ላይ ተለጥፎ፣ በድምፅ ማጉያ «ወገኖቼ» እየተባለ በከተማው ይዞር እንደነበር እማማ ሶልያና ያስታውሳሉ። ያኔ ልጅ ነበሩ። መኪናው በደጃቸው ሲያልፍ እናታቸው ዓይናቸውን በእጃቸው ይጋርዱላቸው ነበር።

እማማ ሶልያና አሁን ስልሳ አራት ዓመታቸው ነው። ትርንጎ የምትባል የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጅ አለቻቸው። እናቷ ሰመራ ከተማ፣ የፀሐይ ኃይል ማሳው ላይ ስለምትሠራ የምትመጣው በሁለት ወር አንዴ ነው፤ ልጅቷን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ትርንጎ ከተወለደች ጀምሮ ልቧ ላይ አራት ችግር አለ። ትንሽ ስትሮጥ ከንፈሯ እንደ ጥቁር እንጆሪ ይጠቁራል።

ለሷ ብለው አዳራሹ ፊት ሁለት ጊዜ ቆመዋል። መጀመሪያ የቀረቡ ጊዜ ሰላምታ ላይ አለቀባቸው። እንደ ሰው ወግ «እንደምን ዋላችሁ፣ ቤተሰብ ደኅና ነው ወይ፣ ዝናቡስ በናንተ በኩል እንዴት ነው» ሲሉ ሁለት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ሄደ። በሁለተኛው ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ አዙረው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረዋልና ማንበብ አያቅታቸውም፤ ጀርባቸውን ያየ ተመልካች ግን ተኛ። ሕጉ ሦስት ጊዜ ነው የሚፈቅደው። ሐኪሙ ደግሞ ክረምቱን ትሻገራለች ብሎ አልማለም።

ስለዚህ ሦስተኛውን ለያፌት ሰጡት።

ያፌት በአዳራሹ ደጃፍ ጃንጥላ ሥር ተቀምጦ ስላይድ የሚሠራ የአርባ አምስት ዓመት ሰው ነው። አያቱ እዚያው ቦታ ላይ በታይፕ ማመልከቻ ይጽፉ ነበር። አባቱም በኮምፒዩተር ይጽፍ ነበር። ያፌት ጃንጥላውን ወርሶ ማመልከቻውን ትቶታል።

«አንድ ስላይድ፣ አንድ ነገር» አላቸው። «ከስድስት ቃል ካለፈ ሰው ማንበብ ይጀምራል። ማንበብ ከጀመረ እርስዎን አይሰማም።»

«የልቧ ችግር እኮ አራት ነው። አራቱን በስድስት ቃል እንዴት አድርጌ?»

«አራቱን ሐኪሙ ያውቃቸዋል። ለተመልካቹ አንዱን ይስጡት።»

«ታዲያ የትኛውን ልተውባት?»

ያፌት ስንት ደረጃ ትወጣለች ብሎ ጠየቃቸው። አሥራ አንድ አሉት፤ ቤታቸው ሃያ ሁለት ደረጃ አለው፣ ግማሹ ላይ ቁጭ ትላለች። «በቃ» አለ ያፌት፣ ባዶ ነጭ ስላይድ መሐል ላይ «11» ብሎ በትልቁ እየጻፈ። «አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚታወሰው። ይሄን ሲያሳዩ ዝም ይበሉ። ተመልካቹ ራሱ ደረጃውን ይውጣ።»

እማማ ሶልያና «11»ን ዓይተው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ትክክል መሆኑ አስፈራቸው።

«ከዚህ በፊት፣ ሦስተኛው ላይ፣ ፊቷ ይገባል» ቀጠለ ያፌት። «ሙሉ ስክሪን፣ ጽሑፍ የሌለው። አራት ሰከንድ ዝም ካሉ በኋላ ስለሷ አንድ ጥሩ ነገር ይናገራሉ።»

«ከኋላዋ የተነሣችው ፎቶ አይሆንም? ሹሩባዋ ያምራል።»

«ለጀርባ ማንም ተራ አይሰጥም፣ እማማ ሶሊ።»

«ስንት ሰው ነው የሚያያት?»

«አዳራሹ ውስጥ በዕጣ የተጠሩ ሁለት መቶ ተመልካቾች አሉ። በቀጥታ ስርጭት ደግሞ ያገሩ ሰው ነው። አርባ ሺህም ይሁን ሃምሳ ሺህ፣ ምን ቸገረን?»

እሳቸውን ቸገራቸው። የመጀመሪያ ልጃቸው ሁለት ዓመት ሲሞላው፣ ወጣት ሆነው፣ ፎቶውን በስልክ ለቀውት ነበር። ሰው ሁሉ «ሲያምር» አለ። ልብ ላከ፣ አበባ ላከ፣ የማያውቁት አገር ሰው ሳይቀር። በስድስተኛው ቀን ትኩሳት ይዞት ሄደ። ሐኪም ስሙን የነገራቸው በሽታ ነበር፤ እሳቸው ግን የሚያውቁትን ያውቃሉ። ከዚያ ወዲህ ልጅ አላሞገሱም። ትርንጎን ገና ሳትታጠብ «ፉንጋ» ብለው ነው የተቀበሏት፤ ግንባሯም ላይ ከእናታቸው በወረሱት የኩል ብልቃጥ ጥቁር ነጥብ አኖሩባት።

«ደግሞ ምን ትችላለች?» አለ ያፌት። «ጎበዝ የሆነችበትን አንድ ነገር።»

«ምንም አትችልም። ሰነፍ ናት።»

«ባለፈው እዚህ ቁጭ ብላ የኔን ድምፅ ለኔው ስትመልስልኝ አልነበረም እንዴ? ደንበኛ በሳቅ እስኪፈርስ።»

«እሱ አመል ነው፣ ችሎታ አይባልም።»

ያፌት ጣቶቹን ከንክኪ ሰሌዳው ላይ አንሥቶ ዓያቸው። «እማማ ሶሊ፣ እኔ ገብቶኛል። እናቴም እንዲያ ነበረች፤ እስክትድረኝ ድረስ ዝንጀሮ ነበርኩ። የአዳራሹ ማሽን ግን አይገባውም። ሰነፍ ናት ካሉት ሰነፍ ናት ብሎ ይጽፋል። አብሽሩ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ቃል።»

ቤት ሲመለሱ ትርንጎ አልጋዋ ላይ ሦስት ካልሲ ደርድራ ትጠብቃቸው ነበር፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። መድረኩ ላይ ከተናጋሪው እግር ሥር የመብራት መስመር አለ። የተመልካቹ ትኩረት ሲበረታ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሲላላ ቢጫ፣ ሲጠፋ ቀይ። ቀዩ ሠላሳ ሰከንድ ከቆየ ስክሪኑ ይዘጋና ቀጣዩ ይጠራል። ተራ የሚያገኙት አረንጓዴው የበዛላቸው አሥራ ሁለቱ ናቸው። ትርንጎ ይህን ሁሉ ከያፌት አጥንታለች።

እማማ ሶልያና ጠረጴዛው አጠገብ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ትርንጎ ቀዩን ካልሲ አውለበለበች። «ተኛሁ። ሁለት መቶ ሰው ሆኜ ተኛሁ።»

«ገና አፌን ሳልከፍት?»

«ጉሮሮ ውጪ ነው የሚጠረገው፣ እማማ ሶሊ» አለች ልጅቷ፣ በያፌት ድምፅ። ያው አፍንጫው፣ ያው ቃል መጨረሻ ላይ የምትወድቀው ድካሙ። አያቷ ሳይወዱ ሳቁ። ትርንጎም ሳቀች፤ ከዚያ ትንፋሿ ሄደ፤ ከንፈሯ ጠቆረ። ሁለቱም እስኪመለስ ጠበቁ። ይህን መጠበቅ ለምደውታል፤ ሌላ ቤት የጠፋ መብራት እንደሚጠበቀው።

«ሦስተኛው ላይ ምን ልትይ ነው?» አለች ሲመለስላት።

«እዚያ ስደርስ አውቃለሁ።»

«ቆንጆ ናት በያቸው።»

«ምኑ ነው ቆንጆው፣ ፉንጋ» አሉና ወደ ቀኝም ወደ ግራም እንትፍ እንትፍ አሉ።

ትርንጎ ደስ አላት። ሌላው ቤት «የኔ ፍቅር» የሚባለው በዚህ ቤት «ፉንጋ» ነበር። መልካም ቃል ሲነገር የሰማችው ግድግዳው ላይ ላሉት ለሁለቱ ፎቶዎች ብቻ ነው። ወንድ አያቷ «ያ ባለ ግርማው» ይባላሉ፤ በሁለት ዓመቱ የሞተው አጎቷ ደግሞ «ያ መልከ መልካሙ።»

በቀጠሮው ቀን ከቤት ሳይወጡ እማማ ሶልያና የያፌትን ሥራ በንክኪ ሰሌዳቸው ከፈቱ። ሦስተኛው ስላይድ ላይ ደረሱ። ትርንጎ ትስቃለች፤ ሁለት የፊት ጥርሶቿ መሐል ክፍተት አለ። ጣታቸውን ሰሌዳው ላይ አድርገው ግንባሯ ላይ፣ ከቅንድቧ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ጥቁር ነጥብ ሣሉ። ትንሽ ናት። አርባ ሺህ ሰው አያያትም፤ ክፉው ዓይን ግን ነጥቧ ላይ ያርፋል። ልባቸው በመጠኑ ተረጋጋ።

አዳራሹ በር ላይ ያለችው ወጣት ሠራተኛ ስላይዱን ተቀብላ በማሽን አሳለፈችው።

«ሦስተኛው ሥዕል ላይ እድፍ ነበረ፣ እማማ» አለች በትሕትና። «ራሱ አጥርቶልዎታል። ከንፈሯም ትንሽ ጠቁሮ ነበር፤ አስተካክሎታል። ደስ ይበልዎ።»

«እድፍ አይደለም፣ ልጄ። መልሽልኝ።»

«አንዴ ከጠራ አይመለስም።»

ከኋላቸው ወረፋው ገፋቸው።

ከሳቸው በፊት የቀረበው አንድ ወጣት አባት ነበር። እንከን አልነበረውም። አልተጣደፈም፣ ወደ ስክሪኑ አልዞረም፣ እጁን አላወናጨፈም፤ ዝም ማለት ባለበት ቦታ ዝም አለ። በሰባተኛው ደቂቃ በሃምሳ ዘጠነኛው ሰከንድ አመስግኖ ወረደ። ከወረደ በኋላ ግን ግድግዳው አጠገብ ቆሞ አምስተኛውን ስላይድ ለብቻው እየደጋገመ ነበር። ማንም አላስቆመውም። እንዲህ የሚሆኑ ብዙ ናቸው።

«ትርንጎ፣ ዘጠኝ ዓመት» ተባለ።

እማማ ሶልያና ወጡ። የስላይድ መቀየሪያዋን በደረታቸው ትይዩ ያዙ። ጉሮሯቸውን ውጪ ጠርገዋል። ሰላምታውን ዋጡት፤ ሲውጡት እንደ ድንጋይ ከበዳቸው። «የልጄን ልጅ እንድታክሙልኝ መጥቻለሁ» አሉ። መጀመሪያ የሚፈልጉትን ይናገሩ ብሏቸዋል ያፌት። መስመሩ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ሲናገሩ ወደ አረንጓዴ ቀረበ።

ሦስተኛውን ነኩ።

ሳይዞሩ አወቁት፤ የሁለት መቶ ሰው ፊት በአንድ ጊዜ ቀና አለ። ግንባሯ ንጹሕ ነው። ከንፈሯ ጽጌረዳ መስሏል። አራት ሰከንድ ዝም ማለት ነበረባቸው፤ አንድ፣ ሁለት ብለው ሳይጨርሱ አፋቸው እንደ ለመደው ሄደ።

«ፉንጋ ናት» አሉ። «ምንም አታምርም። ሰነፍ ናት። ማንም ልብ አይበላት።»

ከፊት ረድፍ አንዲት አሮጊት በነጠላቸው ሥር ፈገግ አሉ። ሌሎቹ ግን ወጣቶች ነበሩ፤ እርስ በርስ ተያዩ። መስመሩ ቢጫ ሆነ። ቀይ ሆነ። ጥግ ላይ ያለው ቁጥር ከሠላሳ መውረድ ጀመረ።

ሃያ ስድስት። እማማ ሶልያና እግራቸው ሥር ያለውን ቀይ ዓዩ። ሃያ ሁለት። ስክሪኑ ሊዘጋ ነው፤ ፊቷ ሊከደን ነው፤ ለአንድ አፍታ ይህ ደስ አሰኛቸው። አሥራ ሰባት። ከዚያ አሥራ አንደኛው ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ፣ ጉልበቷን አቅፋ፣ «ሂጂ፣ እደርስብሻለሁ» ስትላቸው ታየቻቸው።

«ዋሽቻለሁ» አሉ።

ድምፃቸው ያፌት ያስተማራቸው ድምፅ አልነበረም።

«ዋሽቻለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ነው የዋሸሁት። ቆንጆ ናት። ልቤን የሚያስደነግጠኝ እንዴት ቆንጆ እንደሆነች ነው። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ድምፅ ታወጣለች፤ የኔን፣ የበረኛውን፣ የሞተውን ድመታችንን ሳይቀር። እናቷ ሩቅ ነው የምትሠራው። ስትናፍቃት የእናቷን ድምፅ ራሷ ታወጣና ‹ተኚ በቃ፣ የኔ ልጅ› እያለች ራሷን ታስተኛለች። እኔ በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ። አልገባም። ከገባሁ እናቷ ትሄድባታለች።»

መቀየሪያዋን ነኩ። ነጩ ስላይድ ላይ «11» መጣ። «ይሄን ያህል ደረጃ ነው የምትወጣው» አሉና ዝም አሉ።

መስመሩ ከእግራቸው ሥር እስከ አዳራሹ መጨረሻ አረንጓዴ ሆኖ ተዘረጋ።

ከቀትር በኋላ ስሞቹ ተነበቡ። ትርንጎ ዘጠነኛ ናት። ቀዶ ሕክምናው ከሠላሳ ቀን በኋላ ነው። ያፌት ጃንጥላውን ጥሎ ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። «አላልኩዎትም? አንድ ቃል» አለ፤ ዓይኑ ግን እርጥብ ነበር። እማማ ሶልያና አመሰገኑትና ሃያ ሁለቱን ደረጃ ሳያርፉ ወጡ።

ትርንጎ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባ ግድግዳውን ታያለች። ስርጭቱን አይታዋለች። ካልሲዎቹ መሬት ወድቀዋል።

«ወጣሽልኝ እኮ» አሉ አያቷ ከበሩ። «ዘጠነኛ።»

«እማማ።»

«ወዬ።»

«ልሞት ነው?»

እማማ ሶልያና ነጠላቸውን ሳያወልቁ ቆሙ። «ማነው እንዲህ ያለሽ?»

«አንቺ። ቆንጆ ናት አልሽ። ለሁሉም ሰው ነገርሽ።» ልጅቷ ወደ ሁለቱ ፎቶዎች በአገጯ አመለከተች። «እንደዚያ የምትይው ለነሱ ነው። ሐኪሙ ለብቻሽ ነግሮሽ ነው? እውነቱን ንገሪኝ፣ አላለቅስም።»

ትንፋሿ እየጠበበ ነበር። እማማ ሶልያና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ያን ጥርሰ ፍንጭት ፊት በሁለት እጃቸው ያዙ። አርባ ሺህ ሰው ካየው በኋላ ትንሽ የቀነሰ መሰላቸው።

«ፉንጋ» አሉ።

«ድገሚው።»

«ፉንጋ። ዝንጀሮ። እንዲህ ያለ መልክ የትም አላየሁ። እንትፍ።»

ትርንጎ ዓይኗን ጨፈነች። ትንፋሿ በየጥቂቱ ተመለሰ፤ አያቷ እንደ ሁልጊዜው ጠበቁት። ከዚያ ዓይኗን ሳትገልጥ «በር ላይ ትቆሚያለሽ ለካ» አለች።

«እግሬን ሲያመኝ ነው የምቆመው።»

«ገብተሽ ተቀመጪ። እናቴ አትሄድም።»

በማግስቱ ማለዳ እማማ ሶልያና ረጅሙን የሰፈር መጥረጊያና የኩሉን ብልቃጥ ይዘው ወደ ፒያሳ ወረዱ። ደንቡን የሰሙት ስሙ ከተነበበ በኋላ ነው። ተራ ያገኘ ሰው ሦስተኛው ስላይዱ እስከ ሕክምናው ቀን ድረስ በአደባባዩ፣ በየራሱ ስክሪን ላይ ይቆያል፤ አዳራሹ እንደሚሠራ ሰው እንዲያይ።

ትርንጎ እዚያ ነበረች። የሦስት ሰው ቁመት ያላት፣ ከንፈሯ ጽጌረዳ፣ ግንባሯ ንጹሕ። ታክሲ የሚጠብቀው፣ ዳቦ የያዘው፣ የሚያዛጋው፣ ሁሉም ወደ ላይ ያያል። አንዷ ለጓደኛዋ «ስታምር» አለቻት።

እማማ ሶልያና የመጥረጊያውን ጫፍ ኩል ውስጥ ነከሩና ተንጠራሩ። ቅንድቧ ሥር ድረስ ብቻ ደረሱ። ዘለሉ፤ በስልሳ አራት ዓመታቸው ዘለሉ።

«እማማ፣ ምን ያረጋሉ?» አለ የስክሪኑ ጥበቃ። ጢሙ የሸበተ፣ ረጅም ሰው ነው። «ማበላሸት ክልክል ነው።»

«አላበላሽም። ልከድናት ነው።»

ሰውየው መጥረጊያውን ዓየ፣ ብልቃጡን ዓየ፣ ከዚያ ያቺን ንጹሕ ግንባር ዓየ። ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተመለከተ።

«እርስዎ አይደርሱበትም» አለ። «ይስጡኝ።»

ከቅንድቧ ከፍ ብሎ፣ ልክ በቦታው፣ ነጥቧን አኖረ። ወደ ኋላ ብለው ሁለቱም አዩአት።

«ማጽጃው በየቀኑ ሁለት ሰዓት ላይ ይመጣል» አለ ጥበቃው መጥረጊያውን እየመለሰ። «ሁሉን ነገር ይጠርጋል፤ እሱን ማስቆም አልችልም። ነገ አንድ ሰዓት ላይ ይምጡ፤ ተረኛ እኔ ነኝ።»

ለሕክምናው ሃያ ዘጠኝ ቀን ይቀር ነበር። እማማ ሶልያና ብልቃጡን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው በሥሩ ምን ያህል ኩል እንደቀረ ተመለከቱ።